የተመረመረው ምንጭ

እኛ ሰፈር፣ ድሬ፣ ሰው ከመንገድ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ተብሎ ነው፤ «እንዴት ነበር?» ኋላ ይደርሳል። ከደብረ ብርሃን ያመጣሁትን ብርድ ልብስ እናቴ ለጎረቤት ሁሉ አሳይታ ጨርሳለች። በዚያ ሙቀት ምን ልታደርገው እንደሆነ እንጃላት። ለማን ተገዝቶ እንደነበር አልነገርኳትም። ስለ መንገዱ የጠየቁኝንም «ደህና ነበር» እያልኩ አልፌያቸዋለሁ። ደህና አልነበረም። ሰሜን ሸዋን መቼም የማታዩት የሰፈሬ ሰዎች፣ የሆነው እንዲህ ነው።

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ወጣን። ሦስት ነን፤ የምርምሩ መሪ ዶክተር መላኩ፣ ሾፌራችን ጋሽ ፈለቀ፣ እና እኔ። እንደምታውቁት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ስሙን አላነሳም፤ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የግንቡ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት አንኮበር አካባቢ ካሉ ምንጮች ውሃ ቀድተን መርምረን ነበር። አሁን «ውጤቱን ለሕዝቡ አቅርቡ» ተባለና አንድ ትልቅ ባነር ጠቅልለን፣ መኪናው ጣሪያ ላይ አስረን ሄድን። ባነሩ «የምርምር ውጤት ማብሰሪያ ሕዝባዊ መድረክ» ይላል። ማብሰር እኮ ለምሥራች ነው። ምሥራች መሆኑን ማን እንደወሰነ አላውቅም።

ሰንዳፋንና ሸኖን አልፈን ጫጫ ስንደርስ ጋሽ ፈለቀ መኪናውን አቆመ፤ የተወለደባት ከተማ ናት። እህቱ በመስኮት አንድ ፌስታል የገብስ ቆሎ አቀበለችንና «ውረዱ፣ ሳትቀምሱማ አታልፉም» ብላ በሩን ይዛ ቀረች። ዶክተሩ ሰዓቱን ቢያሳያት «ሰዓቱም ይውረድ» አለችው። ወርደን በላን። እኛ ጋ መንገደኛ የሚሸኘው በሎሚና በብርቱካን ነው፤ እዚህ በቆሎ ነው፤ ጥርስ ላለው።

ከጫጫ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ጋሽ ፈለቀ በመስታወቱ አየና «ኧረ ባነራችን!» ብሎ ጮኸ። ገመዱን በጥሶ ሄዷል። ወደ ኋላ ተመልሰን ስንፈልግ፣ አንድ ገበሬ ጽሑፉን ወደ መሬት ደፍቶ አውድማው ላይ ዘርግቶታል፤ ገብስ እያዘራበት ነው። «ይቅር በሉኝ ጌቶቼ፣ ባለቤት ያለው አልመሰለኝም» አለ። እህሉን ሳይቸኩል ሰብስቦ፣ አራግፎ፣ አጥፎ መለሰልን። ያ ባነር በዕድሜው ለሰው የጠቀመው ያን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ጥር ነው። ድሬ ቧንቧ ሲከፈት እንኳን ውሃው ሙቅ ነው፤ እዚህ ፊቴን ልታጠብ ብዬ እጄን ብሰድ ጣቶቼ የእኔ መሆናቸውን ተጠራጠርኩ። የማደሪያችን ባለቤት ሳልጠይቃት በማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ አመጣችልኝ። «የቆላ ሰው ነሽ አይደል፣ ከንፈርሽ ነው የሚናገረው» አለችኝ። ዶክተሩም ጋቢውን አውልቆ ሰጠኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ እንዳትፈርዱበት ነው።

ራት ላይ የነገውን ንግግር አነበበልን። ጣቢያ አንድ፣ ጣቢያ ሁለት እያለ ይሄዳል። የምርምር ደንብ አለ፤ የመንደሩና የሰዎቹ ስም አይጠራም፣ በቁጥር ይተካል። ምስጢራቸውን ለመጠበቅ ነው። የትኛው ቁጥር የትኛው ምንጭ እንደሆነ የተጻፈው በእኔ ደብተር ነው፤ ጠርሙሶቹ ላይ ቁጥሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። «ጣቢያ ሰባት» ሲል እጄ ቆሎው ላይ ቀረ።

ሰባት ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው መንገድ፣ ገባ ብሎ ዋንዛ ሥር ያለው ምንጭ ነው። ያን ጊዜ እንድቀዳ ቦታውን ያሳዩኝ እማማ ዘሐራ ይባላሉ። መንታ የልጅ ልጆች ነበሯቸው፣ ሀሊማና ፋጡማ፤ ገና ጡት ያልጣሉ፤ እናታቸው ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት እየጠበቀች ነበር። እዚህ አገር ትልቅ ሰው «እርስዎ» ይባላል፤ እኔ በድሬ አፌ «አንቺ» ስላቸው ሳቁና «እንዲያው በዚያው ጥሪኝ» አሉኝ። ጠርሙሱን ስከድን ጠየቀችኝ፦

«ውሃው ክፉ ከሆነ ትነግሪኛለሽ?»

«መጥቼ እነግርሻለሁ።»

«ትመጫለሽ?»

«ወላሂ!» አልኳት።

ድሬ ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም «ወላሂ» ይላል። ሎሚ ሲገዛ ይላል፣ ሲያረፍድ ይላል፣ ሲዋሽ ይላል። እማማ ዘሐራ ግን ዓይኗን ከፈተችና «እስላም ነሽ?» አለችኝ። «አይ፣ የድሬ ልጅ ነኝ» አልኳት፤ ተሳሳቅን። ውጤቱን በሳምንቱ አወቅሁት። ለዶክተሩ «እንንገራቸው እንዴ?» አልኩት። «ሪፖርቱ ይጽደቅ» አለኝ። ከዚያ ሌላ ሥራ መጣ፣ ሌላ ጠርሙስ መጣ። ረሳሁት። ምን ልበላችሁ፣ ረሳሁት ነው እውነቱ።

ረቡዕ

ጠዋት ሱቅ እስኪከፈት ጠብቄ ብርድ ልብስ ገዛሁ፤ ሰፋ ያለ፣ ሁለት ልጅ አብሮ የሚያለብስ። ጋሽ ፈለቀ «ለድሬ ብርድ ልብስ? ወይ ጉድ!» ብሎ ሳቀብኝ። ለመንታዎቹ እንደሆነ ስነግረው ሳቁን ተወና አጥፎ አሰረልኝ። መቼም ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ነው። አሁን ሳስበው አፍ መዝጊያ ነበር የገዛሁት።

ወደ አንኮበር የሚወስደው ሜዳ የገብስ ገለባና የድንጋይ ካብ ነው። ዛፍ ሲጠፋ ጊዜ ድሬ ያለንበትን በረሃ በማማረሬ አፈርኩ። አንኮበር ጫፍ ላይ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ ጋሽ ፈለቀ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የነዳው። ሰዎች የዚያን ገደል ውበት ለማየት ከሩቅ ይመጣሉ አሉ። እኔ ያየሁት የጋሽ ፈለቀን ማጅራት ነው።

አዳራሹ ሞልቶ ጠበቀን። ፊት ለፊት የጽሕፈት ቤት ሰዎች ተቀምጠዋል፣ ከኋላ ገበሬዎችና ሴቶች። ኮምፒውተሩን ሳገናኝ ከኋላዬ የሆነ ሰው ትከሻዬን አቀፈኝ። እማማ ዘሐራ ናት። ከሌሊት ተነስታ፣ በእህል ጫኝ መኪና ላይ ተሳፍራ፣ ሽቅብ ወጥታ መጥታለች።

«የእኔ ልጅ! ትመጣለች ብዬ ነበር። አላሳፈርሽኝም!» ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ። አጠገቧ ላሉት ሴቶች «ይቺ ናት ያልኳችሁ» አለች። ሁሉም ተነስተው ጨበጡኝ።

ዶክተሩ መናገር ጀመረ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ጠፋ፤ እሱ በቃሉ ቀጠለ። «ጣቢያ ሰባት ከመጸዳጃ ጉድጓድ በሚመጣ ተህዋስ ክፉኛ የተበከለ ሆኖ ተገኝቷል። ሳይፈላ ለመጠጥ መዋል የለበትም። በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል።» አዳራሹ በሙሉ «ውይ ውይ» አለ። ሰው ሁሉ ለጣቢያ ሰባት ከንፈሩን መጠጠ።

ጥያቄ ካለ ሲባል እማማ ዘሐራ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«እኔ ከቆላው ነኝ፤ ዘሐራ እባላለሁ። ይኸ ሰባት ያላችሁት አገር ሩቅ ነው? ሰዎቹስ ተነገራቸው? ልጅ ያለው ይኖራል። አላህ ይሁናቸው። ቅርብ ከሆኑ ንገሯቸው፣ ወደ እኛ መጥተው ይቅዱ፤ እኛ አንሰስትም። የእኛ ምንጭ የተመረመረ ነው። ይቺ ልጅ በጠርሙስ ወስዳ አይታዋለች። ክፉ ከሆነ መጥታ ልትነግረኝ ወላሂ ብላልኛለች። ሦስት ዓመት አልመጣችም፣ አልሐምዱሊላህ! የላዩን ምንጭ ትተን ሁላችንም ከዚያ ነው የምንቀዳው። ከማዶ ሳይቀር ይመጣሉ። የተመረመረው ምንጭ ነው የሚሉት።»

ተጨበጨበላት። ዶክተሩ «እናቴ፣ ይህ የሕዝባችንን መተሳሰብ ያሳያል። የጣቢያዎቹን ስም ግን ደንቡ ስለሚከለክለን አንገልጽም» አላት። ይህን ንግግሯን በኋላ ሪፖርቱ ውስጥ «ከተሳታፊዎች የተገኘ በጎ አስተያየት» ብሎ ጽፎታል። እኔስ? እኔ የተነቀለውን የኮምፒውተር ገመድ በእጄ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ምላሴ የት እንደሄደ አላውቅም፤ በሌላው ቀን እኮ የሚያስታግሰኝ ሰው የለም።

ምሳ ላይ ዶክተሩን ለብቻው ያዝኩት።

«ሰባት የሷ ነው።»

ጉርሻው እጁ ላይ ቆመ። «የሴትዮዋ? እርግጠኛ ነሽ?»

«በእጄ ነው የጻፍኩት። ተነስተህ ንገራቸው አቦ! ሁሉም እዚሁ ናቸው።»

«ሰብሊዬ፣ እንዲህ በድንገት ቢነገር ሕዝቡ ይደናገጣል። መጀመሪያ ለሚመለከተው አካል በደብዳቤ ይገለጽ፤ ከዚያ…»

«ሦስት ዓመት ሙሉ የሚመለከተው አካል ማን ነበር?»

ቀና ብሎ አየኝና በቀስታ፣ ሳይቆጣ፣ «አንቺስ? አንቺ አልነበርሽም?» አለኝ።

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ፈለቀ ሰምቷል። እጁን ታጥቦ፣ ቁልፉን አንስቶ፣ «እናትየዋን ላደርሳቸው ነው። ጭነት ላይ መልሰው ሊሳፈሩ አይገባም። የምትሄጂ ከሆነ ግቢ» አለኝ። ዶክተሩ አልከለከለም። ብርድ ልብሴን ይዤ ገባሁ።

ቁልቁል ስንወርድ ጉሙ ከላያችን ቀረ፣ ሙቀቱ መጣ። የማሽላ ማሳ፣ የሎሚ ዛፍ፣ ደማቅ ሻሽ ያሰሩ ሴቶች አየሁ። አገሬ የገባሁ መሰለኝ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ የተኮማተረው ሰውነቴ ተፍታታ። እማማ ዘሐራ መንገዱን ሙሉ ጋሽ ፈለቀን ትመርቃለች። እሱ «አሜን» ይላል እንጂ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ አላየኝም።

ቤቷ ደጃፍ ላይ አንዲት ሕፃን ብቻ ቆማለች።

«ሀሊማ ናት?» አልኳት።

«ፋጡማ ናት።»

«ሀሊማስ?»

«ሀሊማማ የለችም። አምና ክረምት አላህ ወሰዳት። ሆዷን ነው። ሦስት ቀን አልቆየችም።» ይህን ስትል በሩን እየከፈተች ነው። «ግቢ፣ ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ።»

ገባሁ። ተቀመጥኩ። ሻይ አፍይልኝ ልላት አሰብኩ፤ አልቀደምኳትም። «መንገደኛ መጀመሪያ ውሃ ነው» ብላ በጣሳ አመጣችልኝ። ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። እዚህ አገር እንግዳ ጠጥቶ ጣሳውን እስኪመልስ አስተናጋጁ ቆሞ ይጠብቃል፤ ቆማ ትጠብቀኛለች። ፋጡማም ታየኛለች። ጣሳውን ወደ አፌ አስጠጋሁት። አልቻልኩም። እነሱ ሦስት ዓመት የጠጡትን እኔ አንዴ መጎንጨት አቃተኝ። መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«እንዴ፣ ውሃችንን ተጠየፍሽው?» አለችኝ እየሳቀች።

«እማማ፣ ሰባት የእናንተ ነው።»

ወዲያው አልገባትም። ዳግመኛ ነገርኳት። ቁጥሩን፣ ጠርሙሱን፣ ከምንጩ በላይ የተቆፈሩትን መጸዳጃዎች፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ዘረገፍኩት። መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«በወሰድኩት በሳምንቱ።»

«በሳምንቱ» አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈች፤ ምን እንደምትቆጥር አውቄዋለሁ። «ሀሊማ ያኔ አልዳኸችም ነበር።»

ሀሊማን ውሃው ይሁን ሌላ በሽታ የወሰዳት ማንም እርግጠኛ ሊሆን እንደማይችል ነገርኳት። እውነት ነው፣ በሳይንሱም እንደዚያ ነው። ግን ያን እውነት ለማን ብዬ እንደተናገርኩት ራሴም አላውቅም። እሷ ጣሳውን አነሳችና ውሃውን ደጅ ደፍታ መጣች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው።

ብትሰድበኝ፣ ውጪልኝ ብትለኝ እግሯ ላይ ወድቄ አልቅሼ እወጣ ነበር። እሷ ግን ተነስታ እሳት አነደደች። ለጋሽ ፈለቀና ለእኔ የማሽላ እንጀራ በሽሮ አቀረበችልን። «በዘይት ነው የሠራሁት፤ ረቡዕ ነው፣ ትጾማላችሁ» አለች። እኔ ረቡዕ መሆኑን ረስቼው ነበር። የቀረበልኝን በላሁ። ደጋግማ «ብዪ» አለችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችም።

ሐሙስ

ሲነጋ ብርድ ልብሱን አውጥቼ ሰጠኋት። ዘረጋችው፣ በመዳፏ ዳበሰችው፣ ጫፍ ከጫፍ ገጥማ መልሳ አጠፈችው።

«ለሁለት ነው የገዛሽው። ለአንድ ይበዛል» ብላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ «ነይ» አለችኝና ወደ ምንጩ ወረድን። ጋሽ ፈለቀ መኪናው ጋ ቀረ። ዋንዛው ሥር ሴቶች ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ተራ ይዘዋል። ምንጩ ዙሪያ ድንጋይ ክበዋል፤ አፉ ላይ ለቀጂ የሚመች የቀርቀሃ ቦይ አድርገዋል፤ ንጹሕ ነው፣ ተጠርጓል። ያኔ ስመጣ ይህ ሁሉ አልነበረም። የተመረመረ ነው ብለው ነው የደከሙበት።

እማማ ዘሐራ ከሴቶቹ ፈንጠር ብላ ቆመችና ክንዴን ያዘችኝ። ከማታው ወዲህ ያን ጊዜ ነው ፊቴን ያየችው።

«እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም። ጠጡ ብዬ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። አንቺ ንገሪያቸው። አንድ ነገር ግን…»

«እሺ፣ ምን?»

«ወላሂ እንዳትይ።»

ነገርኳቸው። ምንም አላስቀረሁም፤ አፍልታችሁ ካልሆነ አትጠጡ፣ ለልጆች አትስጡ አልኩ። «እንጨቱስ ከየት ይመጣል?» አለችኝ አንዷ። «የላዩ ምንጭ እኮ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ነው» አለች ሌላዋ። አንዲት ሴት ልጇን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዙራ፣ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ሦስቱ የቀዱትን ደፉት፤ ውሃው በእግራችን መሃል ፈሰሰ።

ከማዶ የመጣች ጎልማሳ ሴት ግን ሞልታ አዝላ ነበር። ገመዱን ግንባሯ ላይ እያስተካከለች ቀረበችኝ።

«ትናንት የተመረመረ ነው ተባልን። ዛሬ ደግሞ ክፉ ነው ትያለሽ። የቱን ልመን? እውነትሽን ከሆነ እስቲ ማይልኝ» አለችኝ።

እማማ ዘሐራን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች። አፌን ከፈትኩ፤ የማውቀው መሐላ አንድ ነው።

ሴትዮዋ ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ጀሪካኗን እንዳዘለች ዳገቱን ያዘች።